የሐጂ ሙነወር ዘመዶች

በዚያ ዘመን አዲስ ከተማ ውስጥ ተከራይ የሚባል ፍጡር አልነበረም። ያለው ዘመድ ብቻ ነው። የግብር ቆጣሪው ባርኔጣውን ደፍቶ ጭቃ እየዘለለ ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሰፈሩ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይዛመዳል። ቆጣሪው በየደጁ ቆሞ «እናንተስ ለባለቤቱ ምኑ ናችሁ?» ይላል። «ዘመድ» ይሉታል። በጉራጌው ነጋዴ ግቢ የሚኖረው የመንዝ ሰው የአጎት ልጅ ይሆናል፤ በሐረሯ ባልቴት ጓሮ ያለው ዶርዜ ሸማኔ ደግሞ የእህት ልጅ። ቆጣሪው ይህ ሁሉ ደም በየት በኩል ዞሮ እንደተገናኘ አይጠይቅም። ደመወዙ ለዚያ አይበቃም፤ ፀሐዩም አያስቆምም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ግብሩ ትንሽ ሲሆን፣ የሚያከራየው ክፍል ግን ለብቻው የኪራይ ግብር ነበረበት። ያንን ግብር ደግሞ የትኛውም ባለቤት ከኪሱ አይከፍለውም፤ ኪራዩ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ለቆጣሪው «ተከራይ ነኝ» ማለት በገዛ ምላስ ኪራይ ማስጨመር ነው። መንግሥት ለድሃ ምሕረት እስኪያደርግ ድረስ ድሃ ለራሱ ያወጣው የግብር ምሕረት ይኸው ውሸት ነበር። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም።

ጁነዲንና ሚስቱ ሐጀራም የሐጂ ሙነወር ዘመድ ነበሩ። ጁነዲን የወሎ ሰው ነው፣ ወረባቦ ተወልዶ ያደገ። ምን አለሽ ተራ ቁጭ ብሎ የዘይት ቆርቆሮና የሞቢል ጣሳ እየቆረጠ ኩራዝና የከሰል ምድጃ ይሠራል። ሐጂ ሙነወር ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ከጉልት ንግድ ተነሥተው በጣቃ ጨርቅ የከበሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከሃይማኖት በቀር የሚያገናኛቸው አንዲት የደም ጠብታ አልነበረችም።

ግን ሐጂ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ቆርቆሮ የጁነዲንን መዳፍ እስከ አጥንቱ ቀዶት ሥራ ሲፈታ፣ ኪራይ አልጠየቁትም፤ እንዲያውም በዓረፋ ሥጋ ላኩለት። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ አቅፈው ጆሮዋ ላይ አዛን ያሉትና ፈሪዳ ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። አባቱን በልጅነቱ የቀበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግለት ምን ይሆናል? ጁነዲን ውሸቱን አመነው። ቆጣሪው ሲመጣ ሌላው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ዘመድ» ሲል፣ እሱ ግን ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚናገረው። ሐጀራ ትስቅበት ነበር። ኪራዩን በየወሩ ይዛ የምትሄደው እሷ ስለሆነች፣ የሐጂ ምናቸው እንደሆነች አንድ ቀን አልረሳችም።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወሎ ላይ ዝናብ ጠፋ። ኅዳር ላይ የጁነዲን እናት ጠሂራ፣ እህል ጭኖ ሄዶ ባዶውን በተመለሰ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። ሰው ደግፎ ሲያወርዳት ሐጀራ አላወቀቻትም ነበር። አቧራው ደረቷ ገብቶ ቀረ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉ አልለቀቃትም። ክፍሏ አንዲት ናት፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተጠጋግተው ለአሮጊቷ የግድግዳውን ጥግ ለቀቁላት። ጥጉ ደረቅ ነው፣ ነፋስ አያስገባም። ያሳዩዋት ሐኪም «ብርድና እርጥበት አያግኛት እንጂ ትከርማለች» ብሏል።

ቆጣሪ የመጣ እንደሆነ ምን እንደምትል ሐጀራ አስጠናቻት።

«እማዬ፣ የሐጂ ዘመድ ነን ነው የሚባለው።»

«እውነት ዘመድ ናቸው እንዴ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ለግብሩ ነው።»

ጠሂራ አሰብ አድርጋ፣ «ዘመድ ከሆኑስ ኪራዩን ምን ብለሽ ትሰጫቸዋለሽ፣ ልጀ?» አለቻት።

ሐጀራ ሳቀችና ተወችው። አሮጊቷ ገና ከተማ አልገባትም ብላ ነው።

ጠሂራ ብቻዋን አልመጣችም፤ አገሩ ሁሉ ነው የመጣው። በየክፍሉ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። የበግ በረት ጠርገው፣ የማገዶ ቤት ለስነው ያከራዩ አሉ። ትናንት በቀላሉ ይገኝ የነበረ ክፍል ዛሬ በአማላጅ የማይገኝ ሆነ፤ ኪራዩ ወጣ፣ ሰው እየተጣለ ለበለጠ ከፋይ ቤት መስጠት የዕለት ወሬ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ታኅሣሥ ላይ መሳለሚያ አዋጅ የተነገረው። ለአነስተኛ ተከራዮች የኪራይ ግብሩ ተነሥቷል ተባለ። ሦስት ጎረቤት አስመስክሮ ተከራይነቱን በሰፈሩ ሹም ዘንድ ያረጋገጠ ሰው፣ ምሕረቱ ጸንቶ እስካለ ድረስ ኪራይ አይጨመርበትም፣ ከቤቱም አይወጣም።

አዋጁ መልካም ነበር። ችግሩ፣ አስቀድሜ እንዳልኩት፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ተከራይ አለመኖሩ ነው። ተከራይ ነኝ ብሎ የሚቀርብ ሰው ባለቤቱን እስከ ዛሬ ግብር ሲደብቅ ኖሯል ብሎ መክሰሱ ነው። የኋላው ግብር ተቆጥሮ በባለቤቱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሰው አዋጁን ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ወደየዘመዱ ቤት ገባ።

ሐጀራ ግን የጥጉን ሳል እየሰማች ነበር የምታድረው። ባሏን ነዘነዘችው።

«ሐጂን ጠይቃቸው። እሳቸው እንቢ አይሉህም።»

ጁነዲን አፈረ፤ ቢሆንም ሄደ። ሐጂ ሙነወር ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። ሰምተውት ሲያበቁ፣ «እውነትክን ነው ልጄ» አሉት። «ረመዳን ይውጣና እኔው ራሴ ይዤህ ለሹሙ እቀርባለሁ። የቀረብኝንም ግብር ከፍዬ ልገላገል። በዚህ ዕድሜ የሰው ሐቅ ተሸክሜ ምን ልሆን ነው?» እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና ዱዓ አደረጉለት። ያን ዕለት ጁነዲን ወደ ቤቱ የገባው እየዘለለ ነው ማለት ይቻላል።

ረመዳን ሳይወጣ ሐጂ ሞቱ። ከተራዊህ ሶላት ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ነው፤ አልተነሡም።

ቀብሩ ኮልፌ ሆነ። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ከቀብር መልስ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ምንጣፍ ተነጠፈ። በዚህ አገር የለቅሶ ቤት ወግ የታወቀ ነው፦ በመግቢያው በኩል ያለው ምንጣፍ የሐዘንተኛ ነው። ልጅ፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ እዚያ ይቀመጣል። ለቀስተኛው እየገባ በተራ እጃቸውን እየያዘ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይልና አልፎ ወደ ውስጥ ይቀመጣል። ማን የማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ያንን ምንጣፍ ማየት ይበቃዋል።

ጁነዲን ዓይኑ እንዳበጠ ከበስተኋላ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሊቀመጥ ነበር። የሐጂ የበኩር ልጅ ቡርሃን አየው። ቡርሃን ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። ከተቀመጠበት ተነሥቶ እሱ ድረስ መጣና ክንዱን ያዘው።

«ጋሼ ጁነዲን፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወዲህ ይምጡ እንጂ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? አባቴ እርስዎን ከኛ ለይተው አያውቁም።»

ጁነዲን ይህን ሲሰማ ሳጉ መጣ። ተከትሎት ሄደና ከቡርሃን ጎን ተቀመጠ። የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ እየገባ እጁን ይዞ አጽናናው። የሰፈሩ ሹም ግራዝማች ኃይለመለኮት እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉት።

ሐጀራ ከሴቶቹ ወገን ሆና በሸራው ክፍት ይህን አየች። ባሏ ለዝሁር ሶላት ሊታጠብ ሲወጣ ጓሮ ላይ ጠበቀችው።

«ከዚያ ምንጣፍ ተነሥ።»

«ምን ሆንሽ? ልጁ አክብሮ ሲጠራኝ?»

«ሲጠራህ ደስ አላለኝም። ታመምኩ በልና ተነሥ። ነገ ተከራይ ነኝ ብለህ የምትቀርበው እዚያ እግዜር ያጥናህ ብለው ባርኔጣ ላወለቁልህ ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

ጁነዲን በቁጣ አያት፤ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ሐጀራ፣ ሰውየው አባቴ ነበሩ። አስክሬናቸው ሳይቀዘቅዝ ስለ ክፍል አታውሪኝ።» ታጥቦ ተመለሰ። ሐዘኑ እስኪያበቃ ከምንጣፉ አልተነሣም። አሁንም ድረስ ሳስበው እበሳጭበታለሁ፤ ግን ከልቡ ያለቀሰን ሰው ምን ይሉታል?

ኢድ አለፈ፣ በልግ ገባ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቡርሃን ስኳር ይዞ መጣ። ለጠሂራ «እማማ እንዴት ዋሉ» ብሎ ጎንበስ አለላት። ስሟን አልጠየቀም። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ከወደብ የመጣ አቡጀዲ ማስቀመጫ አጥቶ በሰው መጋዘን እየተበላሸበት ነው። ክረምት ሳይገባ ይህችን ክፍልና ጎኗን አፍርሶ መጋዘን ሊያደርጋት አስቧል።

«ሌላ ሰው ቢሆን አልጠይቅም ነበር» አለ። «ዘመድ ለዘመድ ቦታ ይለቅለታል ብዬ ነው። ለመጫኛ ኩሊውን እኔ እከፍላለሁ። ላለፈውም ቢሆን ከናንተ የምጠይቀው ምንም የለኝም።»

«አባትህ ለሹሙ ይዤህ እሄዳለሁ ብለውኝ ነበር» አለ ጁነዲን።

«አላህ ይዘንላቸው» አለ ቡርሃን፣ በትሕትና። «ስለምን ጉዳይ?»

ጁነዲን ወደ ሐጀራ ዞረ። ሐጂ ያን ቃል ሲሰጡት ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም።

ሐጀራ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት ፍለጋ ወጣች። ከመሳለሚያ እስከ ጭድ ተራ፣ ከዚያም ወዲያ ያላንኳኳችው በር የለም። ደህና ቤት ያለው «ስንት ናችሁ?» ይላታል። ስትነግረው በሩን ገርበብ ያደርጋል። ከዚያ ያለፈው ደግሞ «የታመመ አለ?» ይላታል። ውሸታም እንዳትባል እውነቱን ትናገራለች፤ ያ በር ይዘጋል። ከእሷ ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ጠያቂ ቆሞ ነበር። ማታ ገብታ እግሯን እየታጠበች ባሏን «አንድ መንገድ ነው የቀረን» አለችው። «ግራዝማች ፊት ተከራይ ነኝ ትላለህ። አንድ ቃል ናት።»

«ሐጂን ግብር ሌባ አደረግኋቸው ማለት እኮ ነው።»

«ሐጂ ራሳቸው ልከፍል ነው ብለው ነበር። ሐቃቸውን ብታወጣላቸው ነው።» ጥጉ ላይ ጠሂራ ሳለች፤ ሁለቱም ወደዚያ ዞሩ። «ወይስ እናትህን ዝናብ ላይ ታሳድራታለህ?»

ጁነዲን ራሱን ነቀነቀ፤ ተስማማ።

ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር። ጎረቤት ሞልቷል፤ ሐጀራ ኪራይ ስትከፍል ያላያት የለም። ጠዋት ላይ ግን ሁለቱን አመማቸው። አንደኛውን ሆዱን፣ ሁለተኛውን ወገቡን። የቀረችው በርበሬ እየለቀመች የምታድረው እትዬ ጽጌሬዳ ናት፤ ከአጥሩ ማዶ በአንድ ባላምባራስ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። እሷም ለቆጣሪው የባላምባራሱ የእህት ልጅ ናት። «እኔ እመጣለሁ ሐጀራ፣ በማርያም» ብላ ነበር። መጣችም።

የሹሙ ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ የሰፈሩ ባለቤቶች ቁጭ ብለዋል። የራሳቸው ጉዳይ ስላላቸው አይደለም፤ ይህ ነገር ከተጀመረ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው። ባላምባራሱም በትሩን አገጩ ሥር ደግፎ ከመሐል ተቀምጧል።

ግራዝማች ኃይለመለኮት ጁነዲንን አስቀረቡት።

«ለሟቹ ለሐጂ ሙነወር ምናቸው ነህ?»

ጁነዲን ሐጀራን አያት። «ተከራይ ነኝ» አለ።

«ቆጣሪው በመጣ ቁጥር ዘመድ ነኝ ብለሃል።»

«ብያለሁ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚል ነው፣ ጌታዬ።» አግዳሚው ላይ ያሉት ተንቀሳቀሱ።

«እሱስ ይሁን፣ ሰው ቆጣሪ ይዋሻል» አሉ ግራዝማች። «ለቅሶው ላይ ግን ከሐዘንተኛ ምንጣፍ ላይ አጽናንቼሃለሁ። በገዛ እጄ። እዚያስ ለምን ተቀመጥህ?»

ጁነዲን ቢዋሽ ኖሮ ይቀለው ነበር። ቡርሃን አስገድዶኝ ነው ቢል፣ ወጉን ሳላውቅ ቀርቼ ነው ቢል። እሱ ግን «ስለምወዳቸው ነው» አለ።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ግራዝማችም ፈገግታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «አዲስ ከተማ ስኖር አከራዩን የሚወድ ተከራይ አይቼ አላውቅም» አሉ። አግዳሚው ዳር ላይ የነበረው ቡርሃን ብቻ አልሳቀም። ራሱን ደፍቶ፣ በዘመዱ ነገር እንዳፈረ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ጽጌሬዳ ተጠራች። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ግራዝማችን አየች፤ ቀጥሎ የባላምባራሱን በትር አየች። ልጆቿን እያሰበች እንደነበረ አልጠራጠርም።

«እኔ የማውቀው» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ፣ «ለቅሶ ልደርስ ገብቼ ጁነዲንን እጁን ይዤ እግዚሃር ያጥናህ እንዳልኩት ነው። ሌላ አላውቅም።»

ቃሏ እውነት ነበር፤ አንድም ውሸት የለበትም። ሐጀራን ያቃጠላት ይኸው ነው። ግራዝማች «የዘመድ ነገር የኛ ጉዳይ አይደለም፤ ሽማግሌ ይዛችሁ ጨርሱ» ብለው ተነሡ። አግዳሚውም ተበተነ። ጽጌሬዳ ሐጀራን ልታናግራት ቀረብ ስትል ሐጀራ አልፋት ሄደች።

ሰኔ ሲገባ ወጡ። ቡርሃን ቃሉን ጠብቆ ኩሊ ላከ፤ ጠሂራን አልጋዋ ላይ እንዳለች ያሸከማት እሱ ነው። ሰው ይህን አይቶ መረቀው። «ለዘመድ እንዲህ ነው» ተባለ። ክፍሏን በማግስቱ አፈረሷት፤ ጥጉንም ጭምር።

ጭድ ተራ አንድ የጭድ ነጋዴ ክምሩ ጎን በቆርቆሮ ቁራጭ የተጠጋጋ መጠለያ ሰጣቸው። ጁነዲን ምን አለሽ ተራ ዞሮ የዛገ ጣሳ እየቀጠቀጠ ቀዳዳውን ደፈነ። የሰው ቤት ኩራዝና ምድጃ ሲያበጅ የኖረ እጅ ለራሱ የማያፈስ ጣሪያ መሥራት አቃተው። ከላይ ውኃው፣ ከጎን የጭዱ ብናኝ። ጠሂራ እየሳለች፣ በሳሉ መሐል «ያ ዘመዳችሁ ደኅና ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አላገጠች ወይስ ቃዠች፣ ሐጀራ ለይታ አላወቀችም።

ሐምሌ ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ሞተች።

እድርተኛው ሸራ ይዞ መጣና ከጭዱ ክምር ፊት ወጠረላቸው። ሸራው አዲስ ነበር። ከወጡ ወዲህ የማያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀመጡት ያን ቀን ነው። የዱሮው ሰፈር ሰው እየመጣ ገባ። ሆዱን ያመመውም፣ ወገቡን ያመመውም መጡ፤ ጽጌሬዳም ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ደረቷን መታች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? ሐጀራ አየቻት። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ጁነዲን በመግቢያው ምንጣፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ወሎ ካለው ወገኑ ለመድረስ የቻለ አልነበረም።

ከአሥር ሶላት በኋላ ቡርሃን መጣ። ነጋዴዎችና የሰፈሩን ባለቤቶች አስከትሏል፤ ግራዝማች ኃይለመለኮትም አብረውት ናቸው። ጃንጥላውን አጥፎ ደጅ ላይ አቆመ። እንደ ለቀስተኛ እጅ ይዞ የሚያልፍ መስሏቸው ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ቦታ ለቀቀለት። ቡርሃን ግን ጫማውን አወለቀና በሐዘንተኛው ምንጣፍ ላይ፣ በላይ በኩል፣ ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ግራዝማች ፊት ዘመድ ናቸው ተብሎ የረታ ሰው እንደ ባዕድ አጽናንቶ ማለፍ አይችልም። ጁነዲን ጠጋ አለለት። ከኋላው የመጡት ነጋዴዎች ጎንበስ እያሉ መጀመሪያ የቡርሃንን እጅ ያዙ፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ ተቀበለ።

ሐጀራ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። እንድትቀመጥ ነጠላዋን ጎተቷት፤ አልተቀመጠችም።

ሼሁ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ከሌላ ሰፈር የተጠሩ ሰው ስለነበሩ ወደ ሐዘንተኛው ዞሩና፣ ከላይ የተቀመጠውን ታላቅ ሰው አይተው፣ «የሟች ስም፣ ከነአባታቸው?» አሉ።

ቡርሃን አፉን ከፈተ። ተመልሶ ከደነው።

ሸራው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ሼሁ እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ። ነጋዴዎቹ ቀና አሉ። ግራዝማች ኃይለመለኮት ቡርሃንን አዩት፤ ከዚያ ጁነዲንን አዩት፤ ከዚያ ጭቃውን ማየት ጀመሩ። ሐጀራ እንደቆመች ናት። ይቆይ፣ ትላለች በሆዷ። ዝምታው ይቆይ። ያሁኑ ችሎት የኔ ነው፤ ያ አግዳሚ በሙሉ እዚህ አለ፤ ትንሽ ይቆይና ሁሉም በዓይኑ ይይ። ሰው እንዲያፍርላት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መለመኗ ነበር።

የቡርሃን ጆሮ ቀላ። አንገቱን ወደ ጁነዲን ዘንበል አድርጎ፣ በሹክሹክታ፣ «ማን ነበር ስማቸው?» አለ።

«ጠሂራ» አለ ጁነዲን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «ጠሂራ ይማም።»

«ጠሂራ ይማም» አለ ቡርሃን ለሼሁ። ዱዓው ቀጠለ። አሚን ተባለ።

ሐጀራ ባለችበት ቁጭ አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ሴቶቹ ለአማቷ መስሏቸው አቀፏት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ባሏ አጠገብ ሄዳ ቆመች። «ለምን ነገርከው?» አለችው። «ትንሽ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ግራዝማች እያዩ ነበር። ሁሉም እያየ ነበር።»

ጁነዲን ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ደርቋል። «እናቴ ስሟ ሳይጠራ ዱዓ ይደረግላት ነው የምትይኝ?»

ልትመልስለት የነበረው ብዙ ነበር። አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እስኪጨልም አብረው ቆዩ።

በማግስቱ ሌላ ሰፈር ሰው ስለሞተ እድርተኛው መጥቶ ሸራውን ነቀለ።